የበግ ጠጉር ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ? ስለ ቤት ምንጣፍ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት



ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ንጽሕና ስናስተምር ብዙ ጥያቄ ይቀርብልናል። ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ልጆች ክትባት የማይጠይቀን የለም። ስለ ምንጣፍ ግን የሚጠይቁን ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ሕፃኑ የሚድኸው፣ በሽተኛው የሚተኛው፣ እንግዳው የሚቀመጠው በምንጣፍ ላይ ነውና ነገሩ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ከኮሌጅ በወጣን በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የደጋ ቀበሌ ያጋጠመንን እንንገራችሁ። አንዲት እናት ከአማቷ የወረሰችውን የመንዝ ባና በመደብ ላይ አንጥፋ አገኘናት። ባናው አርጅቷል፤ የሕፃን ሽንት ይሸታል፤ ቁንጫም አለበት። እርሷም፣ «ወንድሞቼ፣ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ መጥቷል ይላሉ። ይኼን ጥዬ እሱን ልግዛ እንዴ? የቱ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «እትዬ፣ ፕላስቲኩ ይሻላል፤ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል» አልናት። እሺ ብላ ገዛች። እውነትም ሽታው ጠፋ፤ ቁንጫውም ቀነሰ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ምድጃ ፍም ወድቆ ምንጣፉን አቅልጦት ኖሮ ሕፃኑ በመዳፉ ደገፈው። የቀለጠው ፕላስቲክ ከእጁ ጋር ተጣበቀ። ቁስሉ በሕክምና ዳነ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን እስካሁን እንደ ልብ አይዘረጉም።

ያች እናት አላጠፋችም፤ ያጠፋን እኛ ነን። የሰጠናት ምክር ሐሰት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ምክር ነበረ። ስለ ውሃው ነግረናት ስለ እሳቱ ዝም አልን። ይህችን ትምህርት ያዘጋጀነው የቀረውን ግማሽ ለመጨመር ነው። ምንጣፍ ሁሉ የራሱ ጠላት አለው። ጠላቱን ያወቀች እናት የትኛውንም ምንጣፍ በየቦታው አድርጋ ልትጠቀምበት ትችላለች።

1. ምንጣፍ ከምን ይሠራል?

በአገራችን ቤት ውስጥ የሚገኘውን ምንጣፍ ሁሉ በሦስት ወገን ልንከፍለው እንችላለን።

የመጀመሪያው ከእንስሳ የሚገኝ ነው። የበግ ጠጉር ተፈትሎና ተሸምኖ ባናና ስጋጃ ይሆናል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራና ጠንካራ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የበሬና የላም ቁርበት፣ የበግ አጎዛም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው ከተክል የሚገኝ ነው። ጥጥ፣ ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ፣ የዘንባባ ሰሌን፣ በበዓል ቀን የምንጐዘጕዘው ቄጠማ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ።

ሦስተኛው ፋብሪካ የሠራው ክር ነው። ይህ ከበግም ከተክልም አልተገኘም፤ አብዛኛው የሚሠራው ከምድር ውስጥ ከሚወጣው የነዳጅ ዘይት ነው። ናይለን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አገር ዋላስ ካሮዘርስ በተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ መሪነት ተገኘ። ፖሊስተር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የኢጣልያው ሊቅ ጁልዮ ናታ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ሠራ። ስሙ ለአፍ ቢከብድም ነገሩን እናንተ በደንብ ታውቁታላችሁ። ማዳበሪያ የሚመጣበት ነጭ ከረጢትና በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው የፕላስቲክ ሰሌን የሚሠራው ከእርሱ ነው።

2. የክር ፈተና

ስጋጃ የሚመስል ሁሉ የበግ ጠጉር አይደለም። የፋብሪካው ክር ዛሬ የበግ ጠጉር መስሎ ስለሚሠራ ዐይንም እጅም ይታለላል። ለመለየት የሚከተለውን አድርጉ።

ከምንጣፉ ጫፍ አንድ ክር ብቻ ምዘዙ። ከቤት ውጭ፣ ነፋስና ልጆች በሌሉበት ቦታ፣ ውሃ በአጠገባችሁ አስቀምጡ። ክሩን በጉጠት ይዛችሁ ወደ ክብሪት ነበልባል አስጠጉት። በእጅ መያዝ አይገባም።

የበግ ጠጉር ከሆነ እየተኰማተረ በዝግታ ይነዳል፤ ነበልባሉን ሲያርቁለት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሽታው የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ነው። የሚቀረው ጥቁር ከሰል ሲያሹት ይደቅቃል።

ጥጥ ወይም ቃጫ ከሆነ ቶሎ ይያያዛል፤ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው። የሚቀረው ግራጫና ልም አመድ ነው።

ናይለን፣ ፖሊስተር ወይም ሌላ የፋብሪካ ክር ከሆነ ይሸበሸባል፣ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል። ሲበርድም እንደ ዶቃ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ቢያሹትም አይደቅም። ትኩስ ሳለ ግን ፈጽሞ አትንኩት።

ሁለቱ የተቀላቀሉበት ክር ከሆነ የጠጉር ሽታም ዶቃም ይታይበታል። ዶቃ ካያችሁ፣ ያን ምንጣፍ ከእሳት ዘንድ እንደ ፕላስቲክ ቍጠሩት።

3. ምንጣፍና ውሃ

የበግ ጠጉር ውሃ ይወዳል። አንድ ኪሎ ደረቅ የበግ ጠጉር 300 ግራም ያህል እርጥበት በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ ይህንንም ይዞ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። በብርድ አገርም ሰውን ያሞቃል። ዳሩ ግን ይኸው ጠባዩ ጉዳት አለው። የሕፃን ሽንት የነካው ባና ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ርጥብ ነው። በክረምት ፀሐይ በሌለበት ጊዜ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። በዚያ መካከል ይሸታል፣ ይሻግታል።

የጥጥ ምንጣፍም ውሃ ይጠጣል፤ ነገር ግን ሙቅ ውሃና ሳሙና የማይፈራ ስለ ሆነ ለማጠብ ቀላል ነው። ናይለን የሚይዘው እርጥበት ጥቂት ነው። የፕላስቲክ ሰሌን ክር ከነጭራሹ ውሃ አያስገባም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለማጠብና ለማድረቅ የሚስተካከለው የለም።

ነገር ግን ልብ በሉ። ውሃ በፕላስቲኩ ክር ውስጥ ባይገባም በክርና በክር መካከል ያልፋል። የሕፃኑ ሽንት ከላይ ሲጠረግ የጠፋ ይመስላል እንጂ ወደ ታች ወርዶ በአፈሩ ላይ ተኝቷል። ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ ሸራ ያለው ፕላስቲክም ቢሆን ከምድር የሚወጣውን እርጥበት ከሥሩ አምቆ ይይዛል። አንድ ቀን ምንጣፉን ገልጣችሁ ከሥሩ ያለውን አፈር በእጃችሁ ዳስሱት፤ ርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ የበግ ጠጉር ቈሻሻውን በሆዱ ይደብቃል፤ ፕላስቲክ ደግሞ ከሥሩ ይደብቃል። ሁለቱም ሳይነሡ ወር ከቈዩ ንጹሕ አይደሉም።

4. ምንጣፍና እሳት

በገጠር ቤት እሳት ከሰው አይርቅም። ምድጃው በቤቱ መካከል ነው፤ ቡናው የሚፈላው በተቀመጥንበት ነው፤ ማታም ኩራዝ ይበራል። ስለዚህ ምንጣፍ ከመግዛታችሁ አስቀድማችሁ «ፍም ቢወድቅበት ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የበግ ጠጉር እሳት በቶሎ አይቀበልም። አይቀልጥም፣ አይንጠባጠብም። ፍም ቢወድቅበት የወደቀበት ቦታ ይከስላል፣ ይሸታል፤ ነበልባል አንሥቶ መንደዱ ግን ብርቅ ነው። ሽታውም ራሱ «ተነሡ!» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ነው።

ከተክል የተሠራው ግን እንዲህ አይደለም። ሰሌን፣ ጆንያ፣ ጥጥ፣ የደረቀ ቄጠማ እሳት ሲነካቸው ወዲያው ይያያዛሉ። «የተፈጥሮ ነው» ማለት «እሳት አይነካውም» ማለት አይደለም። ለበዓል የተጐዘጐዘ ቄጠማም እርጥብ ሳለ ያማረ ነው፤ በማግሥቱ ደርቆ ሲያድር ግን ለእሳት ማገዶ፣ ለቁንጫ መጠለያ ይሆናልና ጠርጋችሁ አውጡት።

የፋብሪካው ክር ከሁሉ ይለያል። የፕላስቲክ ሰሌን በ165 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ይቀልጣል፤ ናይለንና ፖሊስተር ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣሉ። የፍም ሙቀት ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ፍም ትበቃለች። የቀለጠው ፕላስቲክ ከሰው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቈይ ቃጠሎው ጠልቆ ይገባል። ጭሱም ለሳንባ መርዝ ነው። ስለዚህ አሮጌ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከረጢት ወይም ጫማ ለእሳት ማቀጣጠያ ማድረግ አይገባም።

ሰው በቀለጠ ምንጣፍ ቢቃጠል እንዲህ አድርጉ፦

ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በተቃጠለው ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱ። ሕፃን ከሆነ የቀረውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍናችሁ ከብርድ ጠብቁት።

ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ፕላስቲክ ወይም ልብስ በጉልበት አትላጡ። ቆዳው አብሮ ይነሣል።

ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃም ሆነ እበት አትቀቡ። ሙቀቱን ያምቃሉ፤ ቁስሉንም ይበክላሉ። በእበትና በአፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ይገኛል።

ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

5. ምንጣፍ፣ ተባይና አቧራ

ብዙ እናቶች ቁንጫ ከምንጣፉ የሚፈጠር ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቁንጫ ደም የምትመጠው ከሰውና ከእንስሳ ነው፤ እንቁላሏ ግን ወደ ወለል ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ ትል በአቧራና በእድፍ ውስጥ እየተመገበ ያድጋል። ቀጥሎ በሚያጣብቅ ልባስ ተጠቅልሎ በምንጣፉ ጠጉር ውስጥና በወለሉ ስንጥቅ ይደበቃል። ሰው ሲረግጠው ወይም ሙቀት ሲሰማው ቁንጫ ሆኖ ይወጣል። ተዘግቶ የሰነበተ ቤት ሲከፈት ቁንጫ የሚወርረን ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ጠጉራም ምንጣፍ፣ የበግም ይሁን የናይለን፣ ለቁንጫ ትል የተመቸ ነው። ልሙጡ የፕላስቲክ ሰሌን በላዩ አያስቀምጠውም፤ ከሥሩ ባለው አፈር ግን በደስታ ይኖራል። ትኋንም እንዲሁ በምንጣፍ ስፌት፣ በጠፍር አልጋና በግድግዳ ስንጥቅ ይሸሸጋል፤ የምንጣፉን ዓይነት አይመርጥም።

የልብስ ብል ግን ይመርጣል። ትሉ የሚበላው የበግ ጠጉር ነው፤ ፕላስቲክ አይበላም። ባናችሁን አጣጥፋችሁ በጨለማ ጓዳ ካስቀመጣችሁት ከዓመት በኋላ ወንፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ በየጊዜው ወደ ፀሐይ ማውጣት፣ ማራገፍና መቦረሽ ነው።

ሌላም በዐይን የማይታይ ፍጡር አለ። ከአንድ ሚሊሜትር ሢሶ የማይበልጥ የአቧራ ተባይ ነው። የሚመገበው ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። አይነክስም፤ ነገር ግን ኩሱና የሞተው ገላው ከአቧራ ጋር ሲተነፈስ አስም ያለበትን ሰው ደረቱን ያፍነዋል፣ ያስነጥሰዋል። እርጥበት ባለበት ጠጉራም ምንጣፍ ውስጥ ይራባል፤ የበግ ጠጉር ነው፣ ናይለን ነው ብሎ አይለይም። እንግዲህ በቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ በሚተኛበት ቦታ ጠጉራም ምንጣፍ ባይነጠፍ ይመረጣል። ልሙጥና የሚታጠብ ነገር ይሻለዋል። የሚለብሰው ጨርቅና አንሶላም፣ የሚችል ከሆነ፣ እጅ በሚያቃጥል ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ይህን ተባይ ይገድለዋል። የምድጃው ጭስም አስምን ያብሳልና መውጫ ይበጅለት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። ቁንጫና ትኋን ለማጥፋት ብላችሁ የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት በምንጣፍና በመኝታ ላይ አትርጩ፣ አትነስንሱም። ሕፃኑ በዚያ ላይ ይድኻል፤ እጁን ወደ አፉ ያገባል፤ መርዙም በቆዳው ይገባል። ቁንጫ አያስነክስ ብለን ልጅን በመርዝ እንዳናጣ። ተባዩ ከበረታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችሁን አማክሩ።

6. ስለ ቁርበትና ስለ አጎዛ

በደንብ የተፋቀና የደረቀ ቁርበት ብርቱ ምንጣፍ ነው። ፍም ቢነካው አይቀልጥም፤ ሲጠረግም ይነጻል። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ ከብት ታርዶ ነው ወይስ ሞቶ?»

አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ከብትን በድንገት ይገድላል። ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም ሊወጣ ይችላል። የበሽታው ዘር በቆዳውና በጠጉሩ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። ፀሐይ ላይ ማድረቅም ሆነ ጭስ ማጠን አያጠፋውም። እንዲህ ያለውን ቆዳ የሚገፍፍ፣ የሚያለፋና የሚተኛበት ሁሉ ሊታመም ይችላል። በሰው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ እንደ ትንሽ ብጉር ያሳክካል፤ ከዚያም ዙሪያው ያብጣል፣ መካከሉ ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም አያምም። ባያምም ግን አትናቁት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው በመድኃኒት ይድናል፤ የዘገየ ግን ሕይወቱ ያሠጋል።

ስለዚህ በድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይነጠፍ። ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ተነግሮ እርሱ በሚያዝዘው መንገድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የቆዳው ዋጋ ቢያሳዝንም ከልጅ ሕይወት አይበልጥም።

7. ስለ ማዳበሪያ ከረጢት

ከረጢቱን ተርትራችሁ፣ ሁለት ሦስቱን ሰፍታችሁ እንደምታነጥፉ እናውቃለን። ይህም ብልኀት ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ይታጠባልም። ሆኖም የሚከተለውን ጠብቁ።

የማዳበሪያው ብናኝ ቆዳና ዐይን ይቈጠቍጣል። ከማንጠፋችሁ በፊት ከረጢቱን ገልብጣችሁ በብዙ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። እጣቢውን ከጕድጓድ ውሃና ከምንጭ አርቃችሁ ድፉት።

የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም በመድኃኒት የታሸ፣ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር የነበረበት ከረጢት ግን ምንም ቢታጠብ ለምንጣፍ፣ ለእህልም ሆነ ለልጅ መተኛ አይሆንም።

ከረጢቱና የፕላስቲክ ሰሌኑ ፀሐይ ሲበዛባቸው ክራቸው ይሰባበራል። ነጭ ስብርባሪ ማርገፍ ሲጀምር ጊዜው አልፎበታል። ሕፃናት ስብርባሪውን ወደ አፋቸው ያስገባሉና አንሡት።

8. የቱን ከየት እናንጥፍ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የቱ ይሻላል? መልሱ፣ «ለየትኛው ቦታ?» የሚል ነው።

በምድጃና ቡና በሚፈላበት ቦታ። ከምድጃው ዙሪያ ሁለት እርምጃ ያህል ምንም ባይነጠፍ ይመረጣል፤ የተለቀለቀ ባዶ ወለል ይበቃል። መቀመጫ ካስፈለገ በርጩማ ወይም ቁርበት ይሁን። ፕላስቲክ፣ ናይለን፣ ሰሌንና ጆንያ ወደዚያ አይቅረቡ። የከሰሉ ምድጃም በሸክላ ወይም በብረት ዝርግ ላይ ይቀመጥ።

ሕፃን በሚድኽበትና በሚቀመጥበት ቦታ። የፕላስቲክ ሰሌን እዚህ ጥሩ ነው፤ ከእሳት የራቀ ይሁን እንጂ። በየቀኑ ሊታጠብ ይችላል። ዶሮና በግ ወደ ምንጣፉ አይድረሱ፤ ኩሳቸው ለሕፃን ተቅማጥ ያመጣል። ፕላስቲኩ ስለሚቀዘቅዝ የጥጥ ጨርቅ በላዩ ይልበስ፤ ጨርቁ ሲረጥብ ይለወጥ።

በመኝታ ቦታ፣ በተለይ በደጋ። የበግ ጠጉር ባና ለአዋቂ ሰው ከብርድ የሚጠብቅ ነው። በቀጥታ በአፈር ላይ ግን አይነጠፍ። ከሥሩ ሰሌን ወይም የታጠበ ከረጢት ቢደረግ ከምድር የሚወጣው እርጥበት ይቀንስለታል። ገና ሽንቱን ያልቻለ ልጅ አብሮ የሚተኛ ከሆነ በእርሱ በኩል የሚታጠብ ነገር ይደረብ።

አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት ቦታ። ልሙጥና የሚታጠብ ምንጣፍ፣ በላዩ በሙቅ ውሃ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ።

ያች የነገርናችሁ እናት ዛሬ ሁለቱንም ይዛለች። ባናውን አላጣለችውም፤ አጥባ፣ ፀሐይ አስመትታ በመደቡ ላይ መልሳዋለች። ፕላስቲኩንም ከጓዳው በር አጠገብ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ለልጆቹ አድርጋዋለች። በቅርቡ ቤቷ ስንገባ፣ «ያኔ ሁለቱንም ብትነግሩኝ ኖሮ» አለችን። መልስ አልነበረንም።

9. አጠባበቁ

በየቀኑ። ከመጥረጋችሁ በፊት በወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ርጩ፤ አቧራው አይነሣም። የሕፃኑን ምንጣፍ በውሃና በሳሙና አጽዱ።

በሳምንት አንድ ቀን። ምንጣፉን ሁሉ አንሡ። ከሥሩ ያለውን አፈርና ጥራጊ አውጡ፤ ወለሉም እስኪደርቅ ቈዩ። ባናና ስጋጃ ከቤት ርቆ በገመድ ላይ ተሰቅሎ በዱላ ይመታ፤ የሚመታውም ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን። ልጆች በአቧራው መካከል አይቁሙ። የበግ ጠጉርና ቁርበት ፀሐይ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ፕላስቲክ ግን እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ይሰጣ።

ፀሐይ ብዙ ትረዳለች፤ ብቻዋን ግን ትኋንን ሁሉ አትገድልም። ትኋን ያለበት የጥጥ ጨርቅ ይቀቀል፤ የመደቡና የግድግዳው ስንጥቅም በጭቃ ይደፈን።

የበግ ጠጉር ሲታጠብ። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። የፈላ ውሃና ብርቱ ማሸት ያኰማትረዋል፣ ያደድረዋል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ ጠጉሩን ይበላዋል። አመድ የተዘፈዘፈበት ብርቱ ውሃም እንዲሁ ይጐዳዋል። ታጥቦ ሲያበቃ አትጠምዝዙት፤ ውሃውን ጨምቃችሁ አውጡና ዘርግታችሁ አድርቁት። በክረምት እንዳይሻግት የሚታጠበው ፀሐይ በጠናችበት ወራት ይሁን።

ፕላስቲክ ሲታጠብ። ውሃ፣ ሳሙናና መቦረሻ ይበቃዋል። በሽተኛ ያስመለሰበት ወይም ያስቀመጠው ከሆነ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ በበረኪና የተበረዘ ውሃ ይለቅለቅ። ሁለቱን ወገን፣ ላዩንም ሥሩንም፣ እጠቡ።

10. ለመደጋገሚያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት በቤት ወይም በእናቶች ስብሰባ ላይ ያነበበ ሰው የሚከተሉትን ይጠይቅ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ልጆቻቸው እያነበቡላቸው ይመልሱ።

ሀ. የበግ ጠጉር ቈሻሻን የት ይደብቃል? ፕላስቲክስ የት ይደብቃል?

ለ. አንድ ክር ሲነድ የጠጉር ሽታ ቢሸት ምንድን ነው? ቀልጦ ዶቃ ቢሆንስ?

ሐ. የቀለጠ ምንጣፍ በልጅ እጅ ላይ ቢጣበቅ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ምን ምን አይደረግም?

መ. በድንገት የሞተ ላም ቆዳ ለምን አይነጠፍም?

ሠ. በቤታችሁ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ባልሞላ ቦታ ላይ አሁን የተነጠፈው ምንድን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ከመጽሐፍ አይገኝም። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና ራሳችሁ ተመልከቱ። የሚቀልጥ ነገር ካገኛችሁ የነገ ቡና ሳይፈላ ዛሬውኑ አንሡት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ጤናና ንጽሕና ከቤታችሁ አይራቅ።